ስብሰባ ለሥራ፣ ሥራም ለተቸገረው ወገን

ባሕር ዳር አጠገብ በሰባታሚት ለእርዳታና ለሰፈራ ሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



የእርዳታ እህል ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት በስብሰባ ያልፋል። ስንት ሰው እንደተቸገረ፣ የጭነት መኪና ከየት እንደሚመጣ፣ እደላውን ማን እንደሚቆጣጠር የሚወሰነው በዚያ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ሲበላሽ ጉዳቱ ወረፋ ይዞ እስከሚጠብቀው ገበሬ ድረስ ይዘልቃል።

ያለፈው ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። በቂ እርዳታ መድረስ የጀመረው ግን ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያ ሰሚና ወሳኝ ካላገኘ ነፍስ አያድንም።

በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራም እስከ 1978 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አዛወረ። ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በመተከል፣ በፓዌ፣ ደገኛው ሰፋሪ ወባ ወዳለበት ቆላ ወረደ፤ የነባሩ የጉሙዝ ሕዝብ መሬትም ለሰፈራ ዋለ። ለየአካባቢው ኮታ ተሰጥቶ ስለነበር ብዙዎች ሳይወዱ ሄዱ፤ ቤተሰብም ተለያየ። ኮታ ከወረደ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ትእዛዝ ማሰሚያ ብቻ ይሆናል። መጠለያውና ውሃው አለመዘጋጀቱን የሚያውቅ ሠራተኛ «ገና ነው» ለማለት አይደፍርም።

በ1995 ዓ.ም. በአማራ ክልልና በሌሎች ክልሎች የተጀመረው ሰፈራ በፈቃደኝነትና ከነባሩ ሕዝብ ጋር በመመካከር እንዲፈጸም መመሪያ የወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፋሪው በቀድሞ መሬቱ ላይ ያለው መብት ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለትም ተደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ መመሪያ በሥራ ላይ የሚውለው በየቢሮው ግልጽ መነጋገር ሲኖር ነው።

በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

አንደኛ፣ አጀንዳው አስቀድሞ ይታደል፤ በጽሑፍ ሊተላለፍ ለሚችል ጉዳይ ሠራተኛ ከመስክ አይጠራ።

ሁለተኛ፣ ከእደላ ጣቢያ የመጣው ሠራተኛ ከኃላፊው በፊት ይናገር። አለቃ ሐሳቡን አስቀድሞ ከገለጸ በኋላ የሚሰማው ድጋፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ክፉ ወሬ ያመጣ አይወቀስ። የእህል ጉድለት ወይም የበሽታ ምልክት በጊዜ የነገረ ሠራተኛ ሥራውን ፈጽሟል።

አራተኛ፣ ቃለ ጉባኤው ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሆነ ይመዝግብ። ቀጣዩ ስብሰባም ያለፈውን ውሳኔ አፈጻጸም በመመርመር ይከፈት።

አምስተኛ፣ ስለ ሰፈራ ሲመከር ሰፋሪውም ነባሩም፣ ሴቶችም ጭምር፣ በወኪሎቻቸው ይገኙ።

አባቶች «ምክር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። ምክር ማለት ደግሞ የማይጥምንም ቃል እስከ መጨረሻው መስማት ነው። የዛሬው ስብሰባ ፍሬም የሚለካው ተካፋዮቹ ወደየጣቢያቸው ሲመለሱ ነው፦ ለእደላ ተሰልፎ የሚውለው ሕዝብ እህሉን በተባለው ቀን ያገኘ እንደሆነ፣ መዘግየት ቢያጋጥምም ምክንያቱ በወቅቱ የተነገረው እንደሆነ፣ ስብሰባው ሥራ ሠርቷል።