ይቅርታ ዝምታ አይደለም

ዛሬ ስለ ሞተር ሳይክል ልሰብክ ነው። አትሳቁ! እኔን ያሳፈረኝ ነገር ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።

የማገለግልባቸው ሁለት የገጠር አጥቢያዎች አሉ። ወደዚያ የምሄድበትን ሞተር የገዙልኝ ቡና ሽጠው፣ እንቁላል ሽጠው ያዋጡ ምእመናን ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ የእኔ አይደለም፤ አደራ ነው። ባለፈው ክረምት ቅዳሜ ቀን ዘይቱ ይቀየር፣ ካቴናውም ይጥበቅ ብዬ ጋራዥ ሰጠሁት። ማታ ከፍዬ ተረከብኩ። እሁድ ጠዋት መንገድ ላይ ከሞተሩ ውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆሜ ማየት ነበረብኝ። ግን ጉባኤው እየጠበቀኝ ነውና ነዳሁት። ብዙም ሳልሄድ ሞተሩ ነከሰና ቀጥ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን የለም። ሳይጠብቅ ቀርቶ ወልቋል፤ ዘይቱም መንገድ ላይ ፈስሶ አልቋል።

ሰኞ ጋራዡ ስደርስ ጮኽኩ። ደንበኛው ሁሉ እየሰማ ሰውየውን «ሌባ» አልኩት። እሱም «ስትወስደው ደህና ነበር፤ ያበላሸኸው አንተ ነህ» አለኝ። ልንያያዝ ምንም አልቀረን። በዚህ መሃል አንድ ረዳት ልጅ ጠጋ አለና፣ «ፓስተር፣ በሬዲዮ የሚሰብኩት እርስዎ ነዎት አይደል? እናቴ ሁልጊዜ ትሰማዎታለች» አለኝ። ወገኖቼ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «የሄድከው ሰውየውን ልታሸንፈው ነው ወይስ ልታተርፈው?» ጌታ በማቴዎስ 18፥15 የበደለህን ሰው ለብቻህ ሆነህ አነጋግረው ሲል ዓላማው ያንን ሰው ማትረፍ ነው። እኔ ግን ከመጨረሻው ጀመርኩ። ለብቻው መንገር ሲገባኝ በአደባባይ አዋረድኩት።

ሌላም ስሕተት አለ፤ እሱ ደግሞ መንፈሳዊ ይመስላል። «ለጌታ ትቼዋለሁ» እንላለን፣ ከዚያ ግን በየደረስንበት የሰውየውን ስም እናጠፋለን። ይሄ ይቅርታ አይደለም፤ ቂም ነው። ዘሌዋውያን 19፥17 ወንድምህን በልብህ አትጥላ ካለ በኋላ ወዲያው ጥፋቱን በግልጽ ንገረው ይላል። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ሰውየውን ከወደድከው ታናግረዋለህ።

ካሳ መጠየቅስ ኃጢአት ነው? አይደለም። በዘፀአት ዘመን ሞተር ባይኖርም በሬና አህያ ነበር። ምዕራፍ 22ን አንብቡ፤ በአደራ የተሰጠ ንብረት ሲጠፋ ወይም ሲጎዳ ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደማይከፍል በዝርዝር ተጽፏል። ዘኬዎስም ጌታን ሲያገኝ የወሰደውን ለመመለስ ቃል ገባ። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይካስ ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ብቻዬን ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ሰው ፊት ስለሰደብኩህ በድያለሁ፤ ይቅር በለኝ። ስለ ሞተሩ ግን እውነቱን እንነጋገር። እኔም ድምፁን ሰምቼ መንዳቴ ጥፋት ነው» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ቡሎኑን ያሰረው ልጁ ነው፤ እኔም አላየሁለትም» አለ። ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ተስማምተን ጻፍነው። የእጅ ዋጋ በእሱ፣ የመለዋወጫው ዋጋ እኩል በእኩል። ከልጁ ደመወዝ እቆርጣለሁ ሲል ግን ለመንኩት፤ ተወለት። ወገኖች፣ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አላለቀም። ሞተሩ እስኪጠገን ለሳምንታት በእግሬ ሄጃለሁ። ሂሳቡንም ደጋግሜ አስታውሼው ነው የከፈለኝ። አሁን ግን ሳልፍ እጁን ያነሳልኛል።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ንብረትህ ጋራዥ ሲገባ ምን እንደሚሠራና ዋጋውን አስቀድመህ አጽፍ፤ ደረሰኝ ያዝ። ከተበላሸ ደግመህ አታስነሳው፤ ፎቶ አንሳ፤ ሌላ መካኒክ ይየው። ከዚያ ለብቻህ ሂድ። ካልሰማህ ሁለት ሦስት ምስክር ይዘህ ሂድ። ሁለታችሁም አማኞች ከሆናችሁ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 መሠረት ቤተ ክርስቲያን ትዳኛችሁ። ያም ካልሆነ ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን ይጠብቃል። ጳውሎስም ሊገርፉት ሲሉ የዜግነት መብቱን ጠይቋል። ብቻ ወደ ሕግ ስትሄድም ጥላቻ ይዘህ አትሂድ።

ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ራስህ መካኒክ ትሆናለህ። የሰው አደራ በእጅህ ተበላሽቶ ደብቀህ ይሆናል። ዛሬ ሂድና ንገረው። ጌታ ያግዝሃል።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ስንበደል እውነትን በፍቅር የምንናገርበትን ጸጋ ስጠን። ስንበድልም የምንመልስበትን ድፍረት ስጠን። በአንደበታችን ስምህን ያሰደብንበትን ይቅር በለን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።