የተከፈለበት ምስጋና እና የማኅበራችን ስም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሳ የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ዝርዝር ነው። እሱ በጽሑፍ ታድሏችኋል። የቀረንን ጊዜ ገና ወደ መዝገብ ስላልገባ ገንዘብ እንነጋገርበት። ይግባ ወይስ አይግባ የምትሉት እናንተ ናችሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በርበሬያችንን፣ ሽሯችንንና የሽመና ሥራችንን የምናሳይበት ገጽ ተከታይ እያፈራ ሲመጣ ክፍያ ይዘው የሚመጡም በዙ። አንድ የፊት ቅባት አስመጪ በየወሩ እየከፈለን ቅባቱን እንድናመሰግንለት ጠይቋል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንድ ነገር ግን አክሎበታል፦ «ማስታወቂያ ነው አትበሉ፤ አባሎቻችሁ ሞክረው የወደዱት አስመስላችሁ ጻፉት» ብሏል። ሌላ ነጋዴ ደግሞ ከጽሑፎቻችን በአንዱ ውስጥ ወደ ሱቁ የሚወስድ ሊንክ እንድናስገባለትና መክፈሉን እንዳንናገር ይፈልጋል።

ገንዘቡ ያስፈልገናል። ለተዘዋዋሪ ብድር ተራ የሚጠብቁ እህቶች አሉን። ስለዚህ «ነውር ነው» ብለን ብቻ አናልፈውም። ሒሳብ እንደሚያዝ ሰው፣ ምን እየሸጥን እንደሆነ እንመርምር።

ከማኅበራችን የተበደረች ሁሉ ዋስትናን ታውቃለች። በቡድን ስንፈርም አንዷ ባትከፍል ሌሎቻችን እንከፍላለን። ለዚህም ነው ለማናውቃት ሴት የማንፈርመው። ምክርም እንደዚሁ ዋስትና ነው። ጎረቤታችን «ይሄን ግዢ፣ ለእኔ ጠቅሞኛል» ስትለን የምናምነው ዕቃውን አይደለም፣ እሷን ነው። ዕቃው ቢበላሽ የሚበላሸው የእሷም ቃል ነው።

ስለ ደላላም እናስብ። ደላላ ኮሚሽን ይቀበላል፤ ማንም አይቀየመውም። ደላላ መሆኑን እናውቃለንና «ቤቱ ውሃ አይጠፋበትም» ሲለን ሄደን ቧንቧውን እንከፍታለን። ያንኑ ቃል የአክስታችን ልጅ ብትነግረን ግን ቧንቧውን ሳንነካ ቀብድ እንከፍላለን። በኋላ ከአከራዩ ኮሚሽን መቀበሏን ብንሰማ የሚያስቀይመን ገንዘቡ አይሆንም። ቧንቧውን እንዳንከፍት ማድረጓ ነው። መከፈል ነውር የለበትም፤ ነውሩ መደበቁ ላይ ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ ሎርድ ኤንድ ቴይለር የሚባል ትልቅ የልብስ መደብር እ.ኤ.አ. በማርች 2015 አንድ ቀሚስ ለ50 ታዋቂ የፋሽን ሰዎች በነፃ ሰጠ። ለብሰው በኢንስታግራም ፎቶ እንዲለጥፉም ለእያንዳንዳቸው ከ1,000 እስከ 4,000 ዶላር ከፈለ። ውሉ የመደብሩን ስም እንዲጠቅሱ ያስገድዳል፤ መከፈላቸውን እንዲናገሩ ግን አይጠይቅም ነበር። ቀሚሱ ተሸጦ አለቀ። ያዩት ሴቶች «ሁሉም እየለበሰው ነው» ብለው አመኑ። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን አነሳና በ2016 መደብሩ ዳግም እንዲህ እንዳያደርግ የሚያስገድድ ስምምነት አስፈረመው። ልብ በሉ፦ ቀሚሱ ችግር አለበት ያለ የለም። ጥፋቱ የተከፈለበትን ፎቶ የምርጫ ፎቶ ማስመሰሉ ነበር።

በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በድረ ገጽ የሚሰራጨውንም ይመለከታል። ያልሞከርነውን ሞክረናል ማለት ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ አይታየንም።

«ሊንክ ማስገባት ግን ምን ይጎዳል?» የምትል እህት ትኖር ይሆናል። ጉግልን የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ያስረዱት ሐሳብ ይህ ነው፦ አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሲጠቁም እንደ ድምፅ መስጠት ይቆጠራል፤ ብዙ ታማኝ ገጾች የጠቆሙት ገጽ በፍለጋ ጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል። እንግዲህ በስውር የተሸጠ ሊንክ የተሸጠ የምርጫ ድምፅ ነው። በ2012 መጀመሪያ ላይ ክሮም የተባለውን የጉግልን የኢንተርኔት መክፈቻ የሚያስተዋውቁ የተከፈለባቸው ጽሑፎች ወጥተው፣ የክፍያ ምልክት ያልተደረገበት ሊንክ ተገኘባቸው። ጉግል የራሱን የክሮም ገጽ በፍለጋ ውጤት ቢያንስ ለ60 ቀን ዝቅ አደረገው። ደንቡን ያወጣው ድርጅት ደንቡን በራሱ ላይ ሲያስፈጽም፣ እኛ በትንሽነታችን እናመልጣለን ብለን አናስብ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የተከፈለበትን ሊንክ «ስፖንሰርድ» በሚል ምልክት ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ገጻችንን የሚሠራልን ባለሙያ ብንጠይቀው የደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሒሳባችን እንመለስ። የእኛ ዋና ገቢ ከምንድን ነው? ከበርበሬው፣ ከሽሮው፣ ከሽመናው ነው። በርበሬ የሚገዛን ሰው ስንፈጭ አላየንም። በየገበያው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ እንደሚሸጥ እየሰማ፣ «የእኛው ንጹሕ ነው» ያልነውን ቃል ብቻ ይዞ ይከፍላል። ለቅባቱ የሚመሰክረውም ያው አፍ ነው። በቅባቱ ላይ ውሸት ከተገኘብን ስለ በርበሬው የተናገርነውን ማን ያምናል? የቅባቱ ክፍያ በየወሩ የሚገባ ቁጥር ነው፤ ኪሳራው ግን በየትኛውም መዝገብ ሳይጻፍ፣ ደንበኛ ዝም ብሎ ሲቀር የሚታይ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ቃል የለም።

ቅባት ደግሞ በሰው ገላ ላይ የሚያርፍ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስጠነቅቀው፣ አንዳንድ ቆዳ የሚያነጡ ቅባቶች ሜርኩሪ አላቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ይህ አስመጪ የሚያመጣው እንዲህ ነው አላልንም። ምን እንዳለው ሳናውቅ «ተጠቅመንበታል» ብለን መፈረም ግን ለማናውቃት ተበዳሪ ዋስ መሆን ነው።

«ማስታወቂያ መሆኑን ከተናገርን ማን ይከፍለናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። የሚከፍል አለ። የጋዜጣና የሬዲዮ ማስታወቂያ ሁሉ ማስታወቂያ መሆኑ እየታወቀ ይከፈልበታል። «ማስታወቂያ» የሚለውን ቃል ስንጽፍ የሚሸሽ ነጋዴ ከእኛ ሊገዛ የመጣው ዝምታችንን ነበር። እሱን የምንሸጥበት ዋጋ የለንም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የተከፈለበት ማንኛውም ጽሑፍ ወይም ፎቶ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በአማርኛ፣ «ይህ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው» ይባልበት። «ከእገሌ ጋር በመተባበር» የሚለው አይበቃም፤ ምን ያህሉ እናቶች ትርጉሙን ይረዱታል?

ሁለተኛ፣ በዓይነት የተሰጠ ስጦታም ክፍያ ይባል። አንድ ካርቶን ዘይት ወይም ነፃ ቀሚስ ተቀብለን ካመሰገንን በገበያ ዋጋው ተገምቶ ይመዝገብ፤ መቀበላችንም ይነገር። አንድ ሰው በእኛ ሊንክ ገብቶ ሲገዛ ኮሚሽን የምናገኝ ከሆነም እንደዚያው።

ሦስተኛ፣ ያልተጠቀምንበትን ተጠቅመናል አንበል። ምስክርነት የምትሰጥ አባል ዕቃውን በእውነት የሞከረች ትሁን፤ ያልወደደችውንም ለመናገር ነፃ ትሁን።

አራተኛ፣ ክፍያው የቱንም ያህል ቢሆን የማንቀበላቸው ይኑሩ፦ በሽታ ይፈውሳል የሚባል ነገር፣ ገንዘባችሁን እጥፍ አደርጋለሁ የሚል፣ የሕፃናት ዱቄት ወተት። ስለ ወተቱ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ደንብ ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ ይላል፤ በእናቶች ማኅበር ስም ማስተዋወቅማ ጭራሽ አይታሰብም።

አምስተኛ፣ የማስታወቂያ ገቢ ከልገሳ ጋር አይቀላቀል። ለብቻው ደረሰኝ፣ ለብቻው መደብ ይኑረው፤ ከማን ስንት እንደተቀበልን በየዓመቱ በዚህ መድረክ ይነበብ። ደጋፊዎቻችን የሰጡንን ከነጋዴ ከተቀበልነው ለይተው ማየት መብታቸው ነው።

ስድስተኛው ገንዘብ የሌለበት ነው። የሌላ ሴት የሽመና ንድፍ ፎቶ ወይም የምግብ አሠራር ስናሳይ እናስፈቅድ፣ ስሟን እንጥቀስ፣ ሰው ወደ እሷ ገጽ የሚደርስበትን ሊንክ እናስቀምጥ። የሌላ ሰው ዕቃ በተለጠፈበት ሥር ደግሞ የራሳችንን ሊንክ አንጣል። መርካቶ በሰው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚጠራ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ይህን ካጸደቃችሁ ለቅባቱ አስመጪ የምንጽፈው መልስ አጭር ነው። የምርቱን ፈቃድ ያሳየን፤ ማስታወቂያ መሆኑን ጽፈን በተመሠከረ ዋጋ እናወጣለታለን፤ «ሞክረናል» ግን አንልም። ለባለ ሊንኩም መልሳችን ይኸው ነው፦ ክፍያው ተገልጾ፣ ምልክቱ ተደርጎበት ይገባል። ከተስማሙ ገንዘቡ በግልጽ ይመዘገባል። ካልተስማሙ የብድሩ ተራ ትንሽ ይረዝማል፤ ይህንን የምንነግራቸው እህቶች እዚህ መካከላችን ስለተቀመጡ ዓይናቸውን እያየን ነው የምንናገረው። ተራቸው ሲደርስ ግን የሚበደሩት ነገም ደንበኛ ካለው ማኅበር ይሆናል።

የውሳኔ ሐሳቡ ለድምፅ ቀርቧል። የሚቃወምም፣ የሚያሻሽልም እጁን ያውጣ።