ጠመንጃው የመጨረሻው ጥያቄ ነው
(የብድር ኮሚቴው በዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ያቀረበው ንግግር)



ለብድር ኮሚቴያችን የሚቀርቡት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የታወቁ ናቸው። አንዷ የእንጀራ ምጣድ ትገዛለች፤ ሌላዋ የነርስ ረዳትነት ትምህርት ትከፍላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ወላጅ ሞቶባት ለአውሮፕላን ትኬት ይጎድላታል። በዚህ ዓመት ግን ከዚህ በፊት ቀርቦልን የማያውቅ ጥያቄ መጣ። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እህታችን፣ «ቤቴን የምጠብቅበት አጭር ሰሚ አውቶማቲክ ሾትጋን መግዛት እፈልጋለሁ፤ 1,200 ዶላር አበድሩኝ» አለችን።

ገሚሶቻችን ደነገጥን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ምን አለበት? አያቶቻችን ጠመንጃቸውን ከራስጌያቸው ሰቅለው አይደለም ወይ የሚተኙት?» አልን። ደጋፊዎቻችንም ሰምተው ጠየቁን። እውነቱን ለመናገር ማናችንም አውቀን መመለስ አልቻልንም። ስለዚህ ሦስት ሆነን መሣሪያ መሸጫ ሄድን፣ የጀማሪዎችን የተኩስ ትምህርት ወሰድን፣ የሕግ ባለሙያ ጠየቅን፤ ከሁሉም በላይ ከእህታችን ጋር ቡና አፍልተን ተቀመጥን። እሷም ፈቅዳልን ነው ዛሬ የምንናገረው።

መጀመሪያ የሆነውን እንንገራችሁ። እህታችን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናት። አንድ ሌሊት እሷ ሥራ ላይ ሳለች የጓሮው በር ተሰብሮ ሌባ ገባ። እናቷና ሁለት ልጆቿ ፎቅ ላይ ተኝተው ነበር። እናት ነቅተው በመስኮት ኡኡ አሉ። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ኡኡታው ሳያልቅ ግቢው በሰው ይሞላ ነበር፤ ዱላ የያዘው፣ ባትሪ የያዘው፣ ነጠላዋን ያገለደመችው ሁሉ ይወጣ ነበር። እዚህ ግን የማንም በር አልተከፈተም። ሌባው ያገኘውን ይዞ ሄደ፤ ሰው አልነካም። እናት ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። «ልጄ፣ እዚህ አገር ቢጮኹ ማን ይሰማል?» አሏት። የጠመንጃው ሐሳብ የመጣው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ወደ ሱቁ አብረናት ሄድን። ሻጩ ቁመታችንን አየና «ለሴት የሚሆን» ብሎ ሰደፍ የሌለው፣ በእጅ መያዣ ብቻ የሚያዝ አጭር ሾትጋን አወጣ። ቀላልና ለመያዝ የሚመች መሰለን። በትምህርቱ ላይ ግን አሠልጣኛችን ሌላ ነገር አሳየችን። ጠመንጃ ሲቀልል እርግጫው ይብሳል፤ ሰደፍ ከሌለው ትከሻ ላይ አይደገፍም፣ ማነጣጠርም ይከብዳል። ትንሽ ስለሆነ ብቻ ለሴት ይመቻል ማለት አይደለም።

«አጭር» ሲባል ሁለት ነገር እንዳለም ተማርን፤ የአፈሙዙ ርዝመትና የሰደፉ ርዝመት። በ1934 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የሾትጋን አፈሙዝ ከ18 ኢንች ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ካነሰ ልዩ ምዝገባ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለቤት ጥበቃ የሚሸጡት አብዛኞቹ 18 ወይም 18 ተኩል ኢንች ናቸው። ለእኛ ቁመት ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሰደፉ ነው። የተለመደው ሰደፍ ከምላጩ እስከ ትከሻ 14 ኢንች ያህል ነው። ይህ ለብዙዎቻችን ይረዝማል፤ 12 ወይም 13 ኢንች የሆነው ይሻላል። ቀላሉ መለኪያ ባዶውን ጠመንጃ ሰደፉን ክርናችሁ እጥፋት ላይ አሳርፋችሁ ጣታችሁ ምላጩ ዘንድ መድረሱን ማየት ነው።

ቀጥሎ ጌጅ የሚሉት አለ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የ12 ጌጅ ቀዳዳ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ የ20 ጌጅ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 20 ጌጅ እርግጫው ስለሚቀንስ ጀማሪ ሳትፈራ ትለማመድበታለች። ነገር ግን ሁለቱን ጥይት በአንድ ቤት አታደባልቁ። የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ወደ አፈሙዙ ተንሸራትቶ ይቀረቀራል፤ ሌላ ጥይት ተከትሎት ሲተኮስ አፈሙዙ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ ቀለም የሚቀባው ለዚሁ መለያ ነው።

ስለ አሠራሩም እንዲህ ነው። ፓምፕ የሚባለው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሳባል፤ የፈራ እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ካቆመ ይነክሳል። ሰሚ አውቶማቲኩ ራሱ ያጎርሳል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። በጋዝ ግፊት የሚሠራው እርግጫው ለስለስ ይላል፤ ጽዳት ግን ይፈልጋል። በእርግጫው ኃይል የሚሠራው ብዙ አይቆሽሽም፤ ትከሻ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ካልተያዘ ግን ማጉረስ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ለትንሽ ሰውነት በጋዝ የሚሠራው ይመረጣል ተባልን። ሞክረንም አየነው፤ እውነት ነው።

አሁን ደግሞ ሻጩ ያልነገረንን እንንገራችሁ። ሾትጋን ሳያነጣጥሩ የሚመታ ይመስለን ነበር። በአንድ ክፍል ርቀት ግን እንክብሎቹ ብዙም አይበተኑም፤ መሳት አለ። የሳተው ደግሞ እዚያ አይቆምም። የዚህ አገር የውስጥ ግድግዳ እንጨትና ጂፕሰም ነው፤ ለሰው መከላከያ የሚሸጠው ትልልቁ እንክብል አንዱን ግድግዳ አልፎ የልጆች ክፍል ይገባል። ሴፍቲውም በብዙ ሾትጋኖች የሚይዘው ምላጩን ብቻ ነው፤ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ጥይት አጉርሶ ማስቀመጥ የለም።

ሕጉም አለ። ከነጋዴ ሲገዛ ፎርም ተሞልቶ የወንጀል መዝገብ ይመረመራል። ግሪን ካርድ ያላት መግዛት ትችላለች፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለች ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር መያዝም አይፈቀድላትም። መግዛት ለማይፈቀድለት ዘመድ በራስ ስም ገዝቶ መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ለይሉኝታ ብላችሁ እንዳታደርጉት። ስቴቶችም ይለያያሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ጠመንጃ ሁሉ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። በሜሪላንድ ሰደፉ የሚታጠፍ ሰሚ አውቶማቲክ ሾትጋን የተከለከለ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ማስቀመጥም ያስጠይቃል።

የሴቶች ማኅበር እንደ መሆናችን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የምትፈራው ሰው ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ቤት ውስጥ ያለ ከሆነ፣ ጠመንጃ ማስገባት አደጋውን ያብሳል። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም። አደገኛነቱ ተረጋግጦ የፍርድ ቤት እገዳ የተጣለበትም እንዲሁ ነው፤ ይህንንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 አጽንቶታል። እንዲህ ያለ ችግር ያለባት እህት ወደ እኛ በስውር ትምጣ። አብረናት ፍርድ ቤት እንሄዳለን።

ወደ እህታችን እንመለስ። የትምህርቱ ዕለት አሠልጣኛችን አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። «ሌሊት ሌሊት አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ ጠመንጃው ከማን ጋር ነው?»

እህታችን ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ይህን ሁሉ ሳምንት ስለ ሰደፍና ስለ ጌጅ ስንነጋገር አንዳችንም ይህን አላሰብንም ነበር። ቤቱ በሚፈራበት ሌሊት እሷ የለችም። ያሉት አርጅተው እጃቸው የሚንቀጠቀጥ እናት፣ የ16 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ሴት ልጅ ናቸው። ተቆልፎ ቁልፉ ከእሷ ጋር ከሆነ ማንንም አያድንም። ካልተቆለፈ ደግሞ ልጆች ይደርሱበታል።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሌላም ነገር ነገረችን። ልጇ ከትምህርት ቤት ከቀየረ ወዲህ አይስቅም፤ በሩን ዘግቶ ይውላል። ይህን በፎርሙ ላይ የሚጠይቃት የለም። በአሜሪካ በጠመንጃ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። እኛ ስለ ራስ ማጥፋት ማውራት እንፈራለን፤ ለቅሶ ቤት እንኳ «በድንገት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ያን ቀን ግን አወራን። በማግስቱ ልጁን ወደ ሐኪም ወሰደችው። ለጭንቀት ሌሊትም ቀንም የሚደወልበት 988 የሚባል ስልክ መኖሩንም ሁላችሁም መዝግቡት።

እህታችን የብድር ጥያቄዋን ራሷ አነሳች።

ሁሉም እንደ እሷ መሆን አለበት አንልም። ሌላ አባላችን ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ከከተማ ርቃ ትኖራለች፤ ፖሊስ ቶሎ አይደርስላትም፤ ልጅ ቤቷ አይመጣም። እሷ በራሷ ገንዘብ 20 ጌጅ፣ በጋዝ የሚሠራ፣ ሰደፉ በልኳ የሆነ ሾትጋን ገዛች። ጠመንጃው በብረት ሣጥን ተቆልፎበታል፤ በየወሩ ትለማመዳለች። ሌሊት ድምፅ ብትሰማ የምታደርገውንም ታውቃለች፤ በሩን ትዘጋለች፣ 911 ትደውላለች፣ ካለችበት ክፍል አትወጣም። ለቴሌቪዥን ብላ ሰው አትገድልም። ምርጫዋን እናከብራለን። የሁለቱ ምርጫ የተለያየው ቤታቸው ስለሚለያይ ነው።

ኮሚቴያችን የሚከተለውን ወስኗል፤ እናንተም ተነጋገሩበት።

የብድር ገንዘባችን ለመሣሪያ መግዣ አይውልም። ደጋፊዎቻችን የሰጡን ለኑሮ ማቋቋሚያ ነውና። ነገር ግን ለበርና ለቁልፍ፣ ለጓሮ መብራት፣ ጠመንጃ ያላት ደግሞ ለምትቆልፍበት የብረት ሣጥን እናበድራለን። የበሩን ማሰሪያ ብረት በ3 ኢንች ብሎን እስከ ውስጠኛው እንጨት ድረስ ማጥበቅ ከጥቂት ዶላር አይበልጥም፤ በእርግጫ የሚሰበረውን በር ግን በብዙ ያጠነክረዋል። የእህታችንን በር ባለፈው ወር አባሎቻችን ራሳቸው አጥብቀውላታል።

ለመግዛት የወሰነች ካለች ከሱቁ በፊት ትምህርቱን ትውሰድ፤ ሁለታችን አብረናት እንሄዳለን። አንወቅሳትም፤ ግን አሠልጣኛችን የጠየቀችውን እንጠይቃታለን።

ሦስተኛው ለእናት ጥያቄ የሰጠነው መልስ ነው። በየሰፈሩ የሚኖሩትን አባላት ስልክ በዝርዝር አውጥተናል። ሌሊት የምትፈራ እህት ወይም እናት መጀመሪያ 911 ትደውላለች፤ እንግሊዝኛ የማትችል «አምሃሪክ» ትበል፣ ብዙዎቹ የጥሪ ማዕከሎች አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛሉ። ቀጥላ በዝርዝሩ ላይ ላለችው ትደውላለች፤ እሷ ለሌላዋ ትደውላለች። ሌባ ጋ የሚሄድ የለም፤ ያ የፖሊስ ሥራ ነው። እኛ የምንሄደው ፖሊስ ሲመጣ ነው፤ እናት ብቻቸውን እንዳይሆኑ፣ ልጆቹን ወደ ቤታችን እንድንወስድ፣ ቡና እንድናፈላ።

እናት ባለፈው ሳምንት ሊፈትኑን ይሁን ፈርተው አናውቅም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወሉ። የተሰማው የጎረቤት ድመት ነበር። ሁለታችን በካፖርት ሄድንና እስኪነጋ አብረናቸው ተቀመጥን። ስንወጣ «ለካ ሰው አለ» አሉን።