መሣሪያው ሊያውቀው ስለሚገባ ፊርማ



በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ የስም አጻጻፍ ምን ያህል ጣጣ እንደሚያመጣ ያውቃል። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ባለጉዳይ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይፈልገዋል፤ ፋይሉ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለም «አልተገኘም» ይባላል። መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ይህን ጣጣ ማቃለል ይቻላል፤ ይኸውም ፕሮግራሙ «ኃ»ን ሁሉ በ«ሀ» እየተካ ይመዘግባል፤ ፈላጊ ሲመጣም እንደዚሁ ተክቶ ይፈልጋል።

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለ እንበል። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የተከፈተባት፣ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተባት ከተማ ናት፤ ዛሬ ከዚያ የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሰው የሚወጡ ወጣቶች ስላሉ ምሳሌው ለቦታው እንግዳ አይሆንም።

ፕሮግራም እንደ ቤት እድሳት ይሻል። የሚሠራውን ሥራ ሳይለውጡ ውስጡን ማደስ ሪፋክተሪንግ ይባላል፤ ዊልያም ኦፕዳይክ የተባለ ሰው በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የጻፈው በዚሁ ነገር ላይ ነበር። እድሳቱን በእጅ መሥራት አድካሚ ስለ ሆነ መሣሪያዎች ተሠርተውለታል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የእኛ ፕሮግራም ጸሐፊ «ስም» የሚባል የራሱን ክላስ ሠርቶ፣ በውስጡ «ሪፕሌስ» የሚባል ሜተድ አኑሯል። ክላስ የአንድ ዓይነት ነገሮች ወገን ነው፤ ሜተድም ያ ወገን የሚያውቀው ሥራ ነው። የሜተድ ፊርማ ሲባል ግን በወረቀት ግርጌ የሚሰፍረው የሹም ቀለም አይደለም፤ ይልቁንም ከመሥሪያ ቤት ቅጽ ጋር ይመሳሰላል፤ የትኛው ቦታ በግድ እንደሚሞላ፣ በምን ተራ እንደሚሞላ፣ ምን ዓይነት መልስም እንደሚገኝ ያመለክታል።

ወጣቱ በራሱ ሜተድ አሮጌውና አዲሱ ፊደል የሚገቡበትን ተራ ሊያገላብጥ ፈለገና መሣሪያውን አዘዘ። ነገር ግን ፓይተን ራሱ «ስትር» የሚባል የጽሑፍ ክላስ አለው፤ እርሱም «ሪፕሌስ» የሚባል ሜተድ አለው። መሣሪያው ሁለቱን ለይቶ ካላወቀ የሁለቱንም ተራ ያገላብጣል። ያን ጊዜ «ኃ»ን በ«ሀ» ተካ የሚለው ትእዛዝ «ሀ»ን በ«ኃ» ተካ ይሆናል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ ስሕተትም አያሳይም። ትናንት በ«ሀ» የተመዘገበው ባለጉዳይ ዛሬ በ«ኃ» ሲፈለግ ግን የለም ይባላል። ጡረታውን ለማስከበር ከሩቅ አገር የመጣ ሽማግሌ ቢሆንስ?

ታዲያ መሣሪያው የስትርን ፊርማ ከየት ያገኛል? የወጣቱን ክላስ ጽሑፉን አንብቦ ያውቀዋል። ከቋንቋው ጋር አብረው የተሠሩት ክላሶች ግን በተለመደው ፓይተን ሲ በሚባል ሌላ ቋንቋ የተጻፉ ስለ ሆኑ የሚነበብ የፓይተን ጽሑፍ የላቸውም።

አንደኛው መንገድ ክላሱን ራሱን መጠየቅ ነው። ከፓይተን 3.3 ጀምሮ፣ ማለት ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ «ኢንስፔክት» በሚባለው ክፍል ውስጥ ፊርማን የሚጠይቅ ሥራ አለ። መልሱ ግን ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። «ስትሪፕ» የሚባለውን የስትር ሜተድ ብትጠይቁት ምን እንደሚቀበል ይነግራችኋል፤ የሚመልሰውም ጽሑፍ መሆኑን አይነግራችሁም። መሣሪያው ደግሞ በጣም የሚፈልገው ይህን ነው፤ በስትሪፕ የተጠረገ ስም ስትር መሆኑን ሲያውቅ ነውና ቀጥሎ ያለውን ሪፕሌስ ሳይነካ የሚያልፈው። «ሬንጅ» የሚባለው ክላስ ደግሞ በሁለት ዓይነት አሞላል ስለሚጠራ አንድ ፊርማ አይበቃውም።

ሁለተኛው መንገድ ዕውቀቱን በእጅ ጽፎ በመሣሪያው ውስጥ ማኖር ነው፤ ሮፕ የተባለው የፓይተን ማደሻ ስለ ዋና ዋናዎቹ ክላሶች እንዲህ አድርጓል። ሦስተኛውና እኔ የምመርጠው የጋራ መዝገብ ነው። «ታይፕሼድ» በሚባለው ስብስብ ውስጥ የእነዚህ ክላሶች ፊርማ ከነመልሳቸው ዓይነት ተጽፏል፤ የሬንጅም ሁለት አሞላል ለየብቻው ሰፍሯል። መዝገብ በሰው እጅ የተጻፈ ስለ ሆነ ሊሳሳት ይችላል የሚል ሰው ቢኖር እውነቱን ነው፤ ስለዚህም «ስተብቴስት» የሚባል መርማሪ መዝገቡን በሥራ ላይ ካለው ፓይተን ጋር ያመሳክራል።

የእትሙ ነገርም አለ። የስትር ሪፕሌስ ስንት ጊዜ ይተካ የሚለውን ቍጥር በመጠሪያው መስጠት የተፈቀደው በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው በፓይተን 3.13 ነው። መሣሪያው ይህን አዲስ ፊርማ ይዞ በ3.12 የሚሠራውን ፕሮግራም ቢያድስ፣ ፕሮግራሙ እዚያው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችሁን ፕሮግራም የሚያድስ ወጣት ሲመጣ፣ መሣሪያው የሚያነበው መዝገብ ለየትኛው እትም የተጻፈ እንደ ሆነ፣ መሥሪያ ቤቱስ በየትኛው እትም እንደሚሠራ ሥራው ሳይጀመር ጠይቁት።