ጄሪካኑ ቀድሞ ምን ነበረበት?

የዛሬው የጤና ትምህርታችን በየቤቱ ደግመን ስለምንገለገልባቸው አሮጌ ዕቃዎች ነው፤ ስለ ጄሪካን፣ ስለ በርሜል፣ ስለ ሃይላንድ፣ ስለ ጎማ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃ ዝም ብሎ አይጣልም የሚለውን ለእናንተ ማስተማር አያስፈልግም። አዲስ አበባ የኖረ ሰው የቆራሌውን ጩኸትና በአሮጌ ልብስ ሳህን የሚሰጠውን ልዋጭ ያውቃል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባም ከአሮጌ ብረት ስንት ዓይነት ዕቃ እንደሚወጣ አይቷል። በረባሶ ያደረገ ደግሞ የመኪና ጎማ ተጫምቶ ሄዷል። ካምፕ ውስጥም የዘይት ቆርቆሮ በር ይሆናል፣ ኩራዝ ይሆናል። (ጠርዙን በመዶሻ ማጠፍ ብቻ አትርሱ፤ የቆርቆሮ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል።) ይህ ሁሉ መልካም ነው፣ ይቀጥል። እኛን የሚያሳስበን ዕቃው ቤታችን ከመግባቱ በፊት ምን ይዞ እንደነበረና ከገባ በኋላ ውሃው ውስጥ ምን እንደሚራባ ነው።

ባልባላ፣ ሆዳን ሰፈር ዘመድ ያላችሁ ከከተማ ስትመለሱ ባዶ ጄሪካን ይዛችሁ ትመጡ ይሆናል። ጅቡቲ የወደብ ከተማ ናት። የምግብ ዘይቱም፣ የሞተር ዘይቱም፣ አሲዱም፣ የተባይ መድኃኒቱም በጄሪካንና በበርሜል ይጓዛል። ጽሑፉ ተልጦ፣ ታጥቦ ገበያ ላይ ሲደረደር ግን ሁሉም አንድ ይመስላል። ስለዚህ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት “ምን ነበረበት?” ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ፣ ወይም የራስ ቅልና አጥንት ምልክት ካያችሁ፣ ወይም ሽታው እንግዳ ከሆነባችሁ ተዉት፤ ርካሽ ቢሆንም ተዉት።

የምግብ ዘይት የነበረበት ጄሪካን ለውሃ ይሆናል። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ጠጠርና የሳሙና ውሃ ጨምራችሁ አጥብቃችሁ ነቅንቁት፣ አረንጓዴው ልጋግ እስኪለቅ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ግን በሳሙናም፣ በአመድም፣ በፈላ ውሃም አይጸዳም። ፕላስቲኩ መርዙን ይመጠዋል፤ ውሃ ሲገባበት ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገለገልበት ቀዳዱትና ለካምፑ የጽዳት ሠራተኞች አስረክቡ። አታቃጥሉት፤ ጭሱም መርዝ ነው። ኬሚካል የነበረበት ማዳበሪያም እንዲሁ እህል አይቀመጥበትም።

አሁን ደግሞ ስለ ሃይላንድ። በረኪናም ላምባም በሃይላንድ ተቀድቶ ይሸጣል፣ ቤት ውስጥም ከውሃው ጠርሙስ ጎን ይቀመጣል። የተጠማ ልጅ ሁለቱን አይለይም። አዋቂ እንኳ በጨለማ ይሳሳታል። ሌላ ዕቃ ከሌላችሁ ጠርሙሱ ላይ ጥቁር ጨርቅ እሰሩበት፣ ከልጅ ቁመት በላይ ስቀሉት፣ ከዚያ በኋላም ያ ጠርሙስ ለውሃ አይመለስ። ልጁ ከጠጣ ወተት ወይም ዘይት አጠጥታችሁ ልታስመልሱት አትሞክሩ። ላምባ ወደ ላይ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ በረኪናም ሲመለስ ጉሮሮን እንደገና ያቃጥላል። ልጁንም ጠርሙሱንም ይዛችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጠርሙሱ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

አሮጌ የመኪና ባትሪ ቤት ውስጥ አይሰበርም፣ እርሳሱም አይቀለጥም። ሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር ሰዎች ከባትሪ እርሳስ ያወጡ ነበር፤ አፈሩንም እየነፉ ይለቅሙ ነበር። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞቱ። የእርሳስ ብናኝ በዓይን አይታይም፤ ልጅ መሬት ላይ ተጫውቶ እጁን አፉ ሲከት ይገባል።

ወደ ውሃው እንመለስ። ጅቡቲ ውስጥ በ2012 የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ለዚህ ትልቁ ምክንያት በዚያው በ2012 ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የተገኘች፣ ከእስያ የመጣች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ናት። እኛ የምናውቃት የወባ ትንኝ ኩሬና ረግረግ ትፈልጋለች፤ ይቺኛዋ ግን በርሜልና የውሃ ታንከር ይበቃታል። ንጹሕ ውሃ ብላችሁ ያጠራቀማችሁት ለእሷ ቤቷ ነው። በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። የደንጌ ትኩሳት ትንኝ ደግሞ አሮጌ ጎማ ትወዳለች። እንቁላሏ በዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ወራት ደርቆ ሊቆይ ይችላል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ውሃውን መድፋት ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው። ግድግዳው መፈተግ አለበት። ትንኝዋ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት አካባቢ ይበቃታልና በየሳምንቱ ፈትጉት። ጎማውንም ቁረጡት፣ ብሱት ወይም አፈር ሙሉበት፤ አፈር የሞላው ጎማ ጎመን ይበቅልበታል።

“ውሃ በስንት መከራ እናገኛለን፣ እንዴት እንድፋው?” የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። አትድፉት። በርሜሉን በአሮጌ ነጠላ ወይም በተቀደደ አጎበር እጥፍ አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ ከካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ጨርቁ መሐሉ ረግቦ ውሃ እንዳይነካ ወጥሩት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በርሜሉ ሊያልቅ ሲል፣ በቀረችው ውሃ ግድግዳውን እስከ አፉ ድረስ በብሩሽ ፈትጉና ያችን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ድፉ፤ ወደ ሌላ ባልዲ እንዳትገለብጧት።