የቤት እንስሳና የተጨነቀ ልጅ
(በመቀሌ ከተማ ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችን ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። የመድፉ ድምፅ ቢቆምም በልጆች ልብ የገባው ፍርሃት ወዲያው አልወጣም። የመቀሌ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። ልጆች ለሦስት ዓመት ገደማ ከትምህርት ርቀዋል። ከገጠር ተፈናቅለው የመጡት ደግሞ ቤታቸውን ብቻ ሳይሆን ያግዷቸው የነበሩትን ፍየልና ላም ጭምር አጥተዋል።

የተጨነቀ ልጅ በምን ይታወቃል? ሌሊት እየጮኸ ይነቃል። ካደገ በኋላ መኝታው ላይ ይሸናል። በር ሲጋጭ ይደነግጣል። ዝም ይላል፤ አለዚያም በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ይህ ጥጋብ አይደለም፤ ጭንቀት ነው። ዱላ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ችግሩ ከጦርነት ያልመጣ ሌላ ልጅም አለ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም። ዓይን ለዓይን አያይም። ንግግሩ ይዘገያል። አንድ ነገር ይደጋግማል፤ ጫጫታ ይረብሸዋል። ይህ ኦቲዝም ይባላል። የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። እርግማን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ልጃቸውን አልደበቁም፤ የሌሎችንም ልጆች ከጓዳ አወጡ።

ታዲያ እንስሳ እዚህ ላይ ምን ይረዳል? በአሜሪካ አገር ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ጂንግልስ የሚባል ውሻም ነበረው። አንድ ቀን ከሰው የማይቀርብ ልጅ ከእናቱ ጋር ከቀጠሮው ሰዓት ቀድሞ መጣ። ውሻው ሮጦ ልጁን ላሰው። ልጁም አልሸሸም፤ አቀፈው። ባለሙያው ይህን አይቶ ውሻውን የሥራ ረዳት አደረገው። በፈረንጆች 1962 ስለዚሁ ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ በብዙ አገር በውሻና በፈረስ ልጆችን የሚረዱ ባለሙያዎች አሉ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ግልገል አይቆጣም፤ «ለምን አትናገርም?» ብሎም አይጠይቅም። ልጁ ሲዳብሰው ትንፋሹ ይረጋጋል። ውኃ ሲያጠጣው «እኔም የምጠቅም ነኝ» ይላል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሲመግበው የተበጠበጠው ቀኑ መልክ ይይዛል።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ልጁ ራሱ ይምረጥ። ግልገል፣ ጫጩት ወይም ጥጃ ሊሆን ይችላል። ከፈራ አታስገድዱት።

ሁለተኛ፦ አዋቂ ሰው አጠገቡ ይሁን። መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ እንስሳውም ይከበር። ጆሮውን እንዳይጎትት፣ እንዳይመታው አስተምሩት።

አራተኛ፦ ልጁ የለመደው ጠቦት ላይ ለበዓል ቢላዋ አታንሡ። መሸጥ ግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ብዙ ያጣ ልጅ ሌላ ነገር በድንገት እንዳያጣ እንጠንቀቅ።

አምስተኛ፦ ከእንስሳ ጋር ከቆየ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የማታውቁትን ውሻ አያስጠጉት። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን ቀድሞ ከተሰጠ ያድናል።

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። እንስሳ ረዳት እንጂ መድኃኒት አይደለም። ኦቲዝምን አያጠፋም፤ የጦርነትንም ቁስል ብቻውን አይሽርም። ልጁ ምግብ ከተወ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ራሱን ከጎዳ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እዚሁ መቀሌ በዓይደር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? ስለዚህ ልጁን አትደብቁት። እጁን ይዛችሁ ወደ ግቢው አውጡት፤ ግልገሉን አሳዩት፤ እናንተም አጠገቡ ቁጭ በሉ።