ላይና ታች
(በምሥረታ በዓሉ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእኛ አገር መንገድ የሚነገረው በመውጣትና በመውረድ ነው። ጋይንት ራሱ ላይና ታች ይባላል፤ ነፋስ መውጫም በስሟ ብርዷን ታስታውቃለች። ከጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርተው የእስቴና የላይ ጋይንት ደገኛ፣ ከበሽሎና ከዓባይ ቆላ ማሽላ ጭኖ የሚወጣውን ወንድሙን የሚያገኘው ገበያ ላይ ነው። ዝምድናውም፣ ጋብቻውም በዚያው ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል።

የቆላው ዝናብ ግን ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። ሽማግሎቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። እኛ የዘርና የማዳበሪያ ስርጭት መርሐ ግብር ስናወጣ (ወቀሳው ለእኔም ነው) ሦስቱንም አገር እንደ አንድ ሜዳ እናየዋለን። ዘሩ ከዝናቡ በኋላ ለሚደርሰው የሲማዳ ቆላ አባል የሚተርፈው ዕዳው ብቻ ነው። የሚቀጥለው መርሐ ግብር ከመጽደቁ በፊት የቆላ ቀበሌ ተወካዮች ይጠየቁ ስል አሳስባለሁ።